ቀለም ቀባ ቀባ ተደርጎ የሚሸጥ አሮጌ ቤት

አሮጌ ቤት ገዝቶ፣ አድሶ መሸጥ ራሱን የቻለ ሥራ ከሆነ ቆየ። አዲስ መሥራት ከአቅም በላይ ሲሆን ሰው ፊቱን ወደ ቆየው ቤት ያዞራል። ስልካችንን ስንከፍት የሚመጡልን ቪዲዮዎችም ይህንኑ ያሳዩናል። መጀመሪያ የተላላጠ ግድግዳና የተንጋደደ በር ይታያል። ከዚያ ሙዚቃ ይገባል። በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ሳሎኑ ነጭና ግራጫ ተቀብቶ፣ ወለሉ ተቀይሮ፣ መብራቱ ተሰቅሎ ቁጭ ይላል። ማየቱ ደስ ይላል። ቪዲዮው የማይመልሰው ጥያቄ ግን አለ። ግድግዳው መጀመሪያውኑ ለምን ተላላጠ?

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ለሽያጭ ተብሎ በሚደረግ እድሳት ብዙ ጊዜ ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው። ዓይን የሚስበው ይቀድማል። ቤቱን አቁሞ የሚያኖረው ይከተላል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይረሳል። ይህ በማንኛውም ቤት ላይ መጥፎ ነው። በአሮጌ ቤት ላይ ግን ዝም ብሎ ገንዘብ ማባከን ብቻ አይደለም፤ ቤቱን ራሱን ይጎዳዋል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት የድሮ ግድግዳ ከውሃ ጋር እንዴት እንደሚኖር ማወቅ ያስፈልጋል።

የድሮ ግድግዳና ውሃ

ሲሚንቶ ከመለመዱ በፊት የተሠሩ ቤቶች ግድግዳቸው በአብዛኛው ድንጋይ፣ ጡብ ወይም ጭቃ ነው። ማያያዣውና ልስኑ ደግሞ ኖራ ወይም ጭቃ ነው። ጆሴፍ አስፕዲን የተባለ እንግሊዛዊ ፖርትላንድ ሲሚንቶ ብሎ ለሰየመው ምርት የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1824 ነው። ምርቱ ተሻሽሎ ተራ ሰው በሚኖርበት ቤት ውስጥ እስኪለመድ ደግሞ ረጅም ዓመታት ወስዷል። ስለዚህ በጣም ከቆዩት ቤቶች ብዙዎቹ ሲሚንቶ ሳይነካቸው የቆሙ ናቸው።

የዛሬ ቤት ውሃን የሚከላከለው በመዝጋት ነው። ከመሠረቱ በላይ እርጥበት የሚያግድ ንጣፍ ይደረግለታል። ውጪው ውሃ በማያስገባ ነገር ይሸፈናል። የድሮው ቤት መንገድ ሌላ ነው። ዝናብ ሲመታው ጥቂት ይመጥጣል። ከመሬትም እርጥበት ይስባል። ፀሐይና ነፋስ ሲመጣ ያንኑ ውሃ በኖራው በኩል መልሶ ያስወጣል። ግድግዳው ወፍራም በመሆኑ ውሃው ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ የሚደርቅበት ጊዜ ያገኛል። ጣሪያው ከጠበቀውና ውሃ እግሩ ሥር ካልቆመበት፣ እንዲህ ያለ ግድግዳ መቶ ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆማል።

አሁን ይህንን ግድግዳ በሲሚንቶ ልሰኑት። በላዩም ፕላስቲክነት ያለው ቀለም ቀቡት። ሥራው ሲያልቅ ልክ እንደ አዲስ ያምራል። ግን እርጥብ ልብስ ፌስታል ውስጥ አስሮ እንደማስቀመጥ ነው። ከመሬት የሚመጣው እርጥበት አልቆመም፤ መውጫው ብቻ ተዘጋ። ሲሚንቶ ደግሞ ግትር ነው። የድሮ ቤት በሙቀትና በቅዝቃዜ፣ በደረቅና በእርጥብ ወቅት ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ኖራ ይህንን ይችለዋል። ሲሚንቶው ግን ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውሃ ይገባል፤ የገባውም ውስጥ ይቀራል። ጡቡ ለስላሳ ከሆነ ፊቱ እየተፈረፈረ ይወድቃል። ግድግዳው ውስጥ የተቀበረ የወለል ወይም የጣሪያ እንጨት ጫፍ ካለ፣ ማንም ሳያየው ይበሰብሳል።

ከልስን ላይ ብቅ የሚል ነጭ ዱቄት መሳይ ነገር አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ጨው ነው። ውሃው ከአፈሩና ከግድግዳው አሟሙቶ ያመጣዋል። ውሃው ሲተን ጨው ይቀራል። ክምችቱ እየበዛ ሲሄድ ቀለሙንና ልስኑን ከውስጥ ወደ ውጪ ይገፋዋል። በቪዲዮው ላይ ያየነው መላላጥ አንዱ ትልቅ መነሻው ይህ ነው። በላዩ ላይ አዲስ ቀለም መቀባት ጥቂት ወራት ይገዛል። ከዚያ በኋላ ያው ቦታ ይመለሳል፣ ብዙ ጊዜም ሰፍቶ ይመለሳል።

የሚያሳዝነው ደግሞ መነሻው ብዙ ጊዜ ቀላል መሆኑ ነው። የተደፈነ አሸንዳ፣ የተሰበረ መውረጃ ቱቦ፣ ቀስ እያለ የሚያፈስ የውሃ ቧንቧ ሊሆን ይችላል። በዓመታት ውስጥ በአፈርና በንጣፍ ከፍ ከፍ ብሎ የቤቱን ወለል ያለፈ የግቢ መሬትም ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ውሃው ከነዋሪዎቹም ይመጣል። ማብሰል፣ መታጠብ፣ ልብስ ማድረቅና መተንፈስ ብቻ አራት ሰው ባለበት ቤት በቀን ወደ 10 ሊትር የሚጠጋ ውሃ ወደ አየሩ ይለቃሉ። መስኮቱ ተዘግቶ ከዋለ ይህ ሁሉ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ሄዶ ያርፋል። ከቁም ሳጥን ጀርባ የሚገኘው ጥቁር ሻጋታ ብዙ ጊዜ የዚህ ውጤት ነው። ለዚህ ሁሉ ግድግዳ በስቶ እርጥበት የሚያግድ ኬሚካል ማስገባት የመጨረሻ አማራጭ እንጂ የመጀመሪያ መሆን የለበትም።

ግድግዳው አይቸኩልም፣ ብድሩ ይቸኩላል

እሺ፣ ይህን ያህል የሚታወቅ ነገር ከሆነ ለምን አይሠራበትም? ስንፍና ብቻ አይመስለኝም። ዋናው ነገር ጊዜ ነው።

እርጥበት የጠገበ ወፍራም ግድግዳ ምንጩ ከተዘጋለት በኋላም ቶሎ አይደርቅም። በሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎች የሚጠቀሙበት ግምት በወር 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እንዲያውም አየሩ ጥሩ ሲሆን ነው። ግማሽ ሜትር ውፍረት ያለው የድንጋይ ግድግዳ በሁለቱም በኩል እየደረቀ እንኳ አብዛኛውን ዓመት ሊወስድ ይችላል። የኖራ ልስንም እንደ ሲሚንቶ አይቸኩልም። በንብርብር ይለሰናል፣ አንዱ ሳይጠና ሌላው አይደረብም። ስንጥቅም እንዲሁ ነው። ቤቱ አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነው ወይስ ድሮ ተሰንጥቆ ቆሟል የሚለውን ለማወቅ የስንጥቁ ጫፍ ላይ ምልክትና ቀን ጽፎ፣ ወቅት እስኪቀያየር መጠበቅ ያስፈልጋል።

ቤቱን በብድር ገዝቶ ለመሸጥ የሚያድስ ሰው ይህን ያህል መጠበቅ አይችልም። ወለዱ በየወሩ ይቆጥራል። ግንበኛውም፣ ቀለም ቀቢውም ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳሉ። ስለዚህ ግድግዳው ሳይደርቅ ይለሰናል፣ ልስኑ ሳይደርቅ ይቀባል፣ ቀለሙ ሳይላላጥ ይሸጣል። ችግሩ የሚወጣው ገዢው ገብቶ ሶፋውን ካስቀመጠ በኋላ ነው። አዳሹ ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ሥራው የተዋቀረበት መንገድ እንዲህ እንዲያደርግ ይገፋዋል።

ገንዘብ ብቻውን ይህንን እንደማይፈታ አንድ ትልቅ ምሳሌ አለ። ዚሎ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቤቶችን በኮምፒውተር ስሌት ዋጋ ገምቶ፣ ገዝቶ፣ ነካ ነካ አድርጎ መሸጥ ጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 የእድሳትና የሌላው ሥራ ወረፋ ስለተጠራቀመበት አዲስ ግዢ ማቆሙን አስታወቀ። በቀጣዩ ወር ደግሞ ጨርሶ ከሥራው ወጣ። ለመውጣቱ የሰጠው ዋና ምክንያት የቤት ዋጋን ቀድሞ መገመት አለመቻሉ ነበር። የወረፋው ጉዳይ ግን ለእኔ ይበልጥ ትምህርት ሰጪ ነው። ያን ያህል ካፒታልና ያን ያህል መረጃ የያዘ ድርጅት እንኳ የአናጺን፣ የቧንቧ ሠራተኛንና የቀለም ቀቢን እጅ ማፋጠን አልቻለም።

ታዲያ ለሽያጭ የሚያድስ ሰው ምን ያድርግ? ውሃውን በመጀመሪያው ሳምንት ያስቁም። ጣሪያ፣ አሸንዳ፣ ፍሳሽ፣ የግቢው መሬት ከፍታ፣ እነዚህ ከሁሉ ይቅደሙ። የድሮው የሲሚንቶ ልስን ካለ ይነሣ፣ ግድግዳው ክፍት ሆኖ ይድረቅ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላው ሥራ ይሠራ፤ ኤሌክትሪኩ፣ ቧንቧው፣ በሮቹ። ቀለም የመጨረሻው ይሁን። ሁለት ወር ብቻ ያለው ሰው እርጥብ ግድግዳ ያለበት ወፍራም የድንጋይ ቤት ባይገዛ ይሻለዋል። ደረቅ ቤት ፈልጎ ቢያሳምር ለእሱም ለገዢውም ሰላም ነው።

ሲያፈርሱ የሚነሣው አቧራ

ለእድሳት ተብሎ የሚፋቀውና የሚሰበረው ነገር ራሱ አደጋ ሊሆን ይችላል። ይህንን ቸል ማለት አይገባም፤ በተለይ ሥራውን በራሳቸው እጅ ለሚሠሩ ሰዎች።

አንዱ ሊድ ነው፣ ድሮ በቀለም ውስጥ በብዛት ይገባ የነበረው ከባድ ብረት። አሜሪካ ለመኖሪያ ቤት ቀለም እንዳይውል የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። በሌሎች አገሮች ደግሞ ከዚያ በኋላም ቆይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ የሊድ መጠን እስካሁን አይታወቅም ይላል። ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ሕፃናትን ነው፤ የአእምሮ እድገታቸውን ይነካል። ደህና ሆኖ የተቀመጠ አሮጌ ቀለም ብዙም አያሰጋም። በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ወይም በማሽን ሲፋቅ ግን ደቃቅ አቧራ ሆኖ ቤቱን ይሞላል። ስለዚህ መጀመሪያ ይመርመር፣ እያረጠቡ ይፋቅ፣ ልጆችና ነፍሰ ጡር ሴት በአካባቢው አይኑሩ።

ሌላው አስቤስቶስ ነው፣ እሳት ስለሚቋቋም ድሮ ለግንባታ ይውል የነበረ ቃጫ መሳይ ማዕድን። በድሮ የጣሪያ ክዳን፣ በወለል ንጣፍ፣ በቱቦ መጠቅለያ ውስጥ ይገኛል። ብሪታንያ ሙሉ በሙሉ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1999፣ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ2005 ነው። ከነዚህ ዓመታት በፊት የተሠራ ቤት ውስጥ ሊኖር ይችላል ብሎ መነሣት ነው የሚሻለው። ሲቆረጥ፣ ሲበሳ ወይም ሲሰበር በዓይን የማይታይ ደቃቅ ቃጫ ይለቃል። የሚያመጣው የሳንባ በሽታ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከአሥርት ዓመታት በኋላ በመሆኑ ሠራተኛው ያን ቀን ምንም አይሰማውም። ጥርጣሬ ካለ አለመንካት ነው፤ ሥልጠናው ያላቸው ሰዎች ያንሡት።

ኤሌክትሪኩንም አንርሳ። በድሮ ሽቦ ላይ ያለው የጎማ ወይም የጨርቅ ሽፋን ይደርቅና ይፈረፈራል። ብዙ አሮጌ ቤት ግራውንድ፣ ማለትም ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርድ መስመር፣ የለውም። ሶኬቱ ብቻ ተቀይሮ በአዲስ ነጭ ክዳን ከተሸፈነ ግን ማን ያውቃል? ገዢው ትልልቅ የኤሌክትሪክ ዕቃዎቹን ሲሰካ ነው የሚያውቀው። ግድግዳው ክፍት ሆኖ ሳለ ያልተቀየረ ሽቦ በኋላ የሚቀየረው አዲሱን ልስን በመቦርቦር ነው። የብረት ቧንቧም እንዲሁ ከውስጥ ዝጎ ይጠባል። ከውጪ ደህና ይመስላል፣ ውሃው ግን ክር ያክላል።

ማስዋቡ የት ላይ ይቁም?

ማስዋብን የምጠላ አይመስላችሁ። ያማረ ቤት እወዳለሁ። ብርሃን የሚገባበት፣ ጽዳት ያለው ክፍል ሰውን ያረጋጋል፤ ለሽያጭም ይረዳል። የምቃወመው አሮጌውን ቤት አሮጌነቱን አስጥሎ ማንም የማያውቀው ቤት ማድረግን ነው። ገዢው አሮጌ ቤት ሊያይ የመጣው ከፍ ያለ ጣሪያውን፣ ወፍራም በሩን፣ ሰፊ የመስኮት ደፉን፣ በእጅ የተሠራውን እንጨት ወድዶ ነው። እሱን ሁሉ ነቅሎ በፕላስቲክ መተካት የሚሸጠውን ነገር ራሱን መጣል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1964 ቬኒስ ላይ የተሰበሰቡ የቅርስ ጥበቃ ባለሙያዎች ያወጡት ቻርተር፣ እድሳት ግምት በሚጀምርበት ቦታ ማቆም አለበት ይላል። የተጻፈው ለታሪካዊ ሕንጻዎች ቢሆንም ለተራ ቤትም ይሠራል። የነበረውን ማዳን ጥሩ ነው። ያልነበረ የአበባ ቅርጽ ኮርኒስ ላይ ለጥፎ «ጥንታዊ» ማለት ግን ቤቱን ሐሰተኛ ያደርገዋል። ልምድ ያለው ገዢም ያውቀዋል።

የእንጨት መስኮት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ቶሎ የሚፈረድበት እሱ ነውና። ድሮ ለመስኮት ይመረጥ የነበረው እንጨት ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ ያደገ፣ ጥቅጥቅ ያለ ነው። የበሰበሰው የታችኛው ዘንግ ብቻ ከሆነ እሱ ብቻ ተቆርጦ ይተካል። መስታወቱ ይወጣል፣ ይገባል። ማጠፊያው ይቀየራል። ነፋስ የሚያስገባው ከሆነ ዙሪያውን ማሸጊያ ማድረግ ይቻላል። ፋብሪካ ሠራሹ ድርብ መስታወት ሙቀት በመያዝ ይበልጠዋል፤ ይህ እውነት ነው። ግን ማሸጊያው ያረጀና በመስታወቶቹ መካከል ጉም የያዘ ዕለት ብዙውን ጊዜ ሙሉ መስታወቱን ከማውጣት በቀር ጥገና የለውም። አናጺ አስጠርቶ ሳያዩት መስኮት መጣል ተገቢ አይመስለኝም።

ስለ ቀለምም ጥቂት። አሮጌ ግድግዳ ቀጥ ያለ አይደለም። የሚያብረቀርቅ ቀለም እያንዳንዷን ጎድጓዳ አጉልቶ ያወጣል። የማያብረቀርቀው ግን ይደብቃታል። የኖራ ቀለም ወይም እርጥበት የሚያሳልፍ ሌላ ቀለም ከተገኘ ግድግዳውም ይደርቃል፣ መልኩም ለቤቱ ይስማማል። ቀለም ከመምረጣችሁ በፊት ደግሞ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ቀብታችሁ ጠዋትም፣ ቀትርም፣ በመብራትም እዩት። በ4,000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) አምፖል ሥር ቀዝቀዝ ብሎ የሚታየው ነጭ፣ በ2,700ው ሥር ወደ ቢጫ ያደላል።

ግድግዳ አፍርሶ ሳሎንና ኩሽናን አንድ ማድረግም ፋሽን ሆኗል። ግድግዳው ምን ተሸክሟል የሚለው ሳይጠና መዶሻ አይነሣ። በድሮ ቤት ውስጥ ቀጭን የሚመስል ግድግዳ እንኳ የላይኛው ወለል እንጨት ያረፈበት ሊሆን ይችላል።

ደግሞ ቆንጆና ውድ ኩሽና ዋጋውን ይመልሳል የሚለው ግምት ሁልጊዜ አይሠራም። በአሜሪካ በየዓመቱ የሚወጣ የእድሳት ወጪና የሽያጭ ዋጋ ንጽጽር አለ። በዚያ ንጽጽር መለስተኛ የኩሽና እድሳት ከወጪው የሚመልሰው ድርሻ፣ በቅንጦት ከተሠራው ሙሉ ኩሽና ይበልጣል። የመግቢያ በር መቀየርን የመሰሉ ትንንሽ የውጪ ሥራዎችም ከላይ ከሚሰለፉት ውስጥ ናቸው።

ገዢው ምን ያውቃል?

ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ሻጩ የዕቃውን ጉድ ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ገዢው ደህናውን ከመጥፎው መለየት ስለማይችል ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል። በዚህ ዋጋ ደህና ዕቃ ያለው ሰው አይሸጥም። ስለዚህ ገበያው ላይ መጥፎው ይበዛል። አከርሎፍ በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ የሆነው በዚህ ዘርፍ ባደረገው ሥራ ነው።

የታደሰ አሮጌ ቤት ገበያ ከዚህ ብዙ አይርቅም። መሠረቱን ያስተካከለ፣ ሽቦውን የቀየረ፣ ግድግዳውን ያደረቀ ሰው ብዙ ገንዘብ አውጥቷል። ያወጣበት ነገር ግን አይታይም። ጎረቤቱ ያንኑ ገንዘብ ሩቡን አውጥቶ ቀለምና ሴራሚክ ብቻ ሠራ። በፎቶ ሁለቱ ቤቶች እኩል ናቸው። እንዲያውም የጎረቤቱ ያምር ይሆናል። ገዢው ልዩነቱን የሚያይበት መንገድ ካላገኘ ሐቀኛው አዳሽ ይከስራል። በሚቀጥለው ቤት እሱም ቀለም ቀባ ቀባ ያደርጋል።

አንዳንድ አገሮች ሻጩ የሚያውቀውን እንዲናገር በሕግ ያስገድዳሉ። በአሜሪካ ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት የሚሸጥ ሰው ስለ ሊድ ቀለም የሚያውቀውን መግለጽ አለበት። ገዢውም ካልተወው በቀር 10 ቀን የመመርመሪያ ጊዜ ይሰጠዋል። እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበት ገዢው በራሱ ዓይን መተማመን አለበት። የሚቻል ከሆነ ቤቱን ዝናብ ከጣለ በኋላ ሄዶ ማየት ጥሩ ነው። ከሁሉም ግድግዳዎች አንዱ ብቻ አዲስ የተቀባ ከሆነ ለምን ብሎ መጠየቅ። ቁም ሳጥኑን ፈቀቅ አድርጎ ከጀርባው ማየት። ከእጅ መታጠቢያው ሥር፣ ከጣሪያው ጥግ፣ ከደረጃው ሥር ማሽተት። ቤቱ ሲጎበኝ መስኮት ሁሉ ተከፍቶ ሽቶ ሽቶ የሚል ከሆነ ሌላ ቀን ሳይነግሩ መመለስ። ደላላው ቢያቻኩልም ባለሙያ ይዞ ለመምጣት ጊዜ መጠየቅ ነውር የለውም።

ለሻጩ ደግሞ ሥራውን የሚታይ ማድረግ ነው። ግድግዳው ክፍት ሆኖ ሳለ ሽቦውንና ቧንቧውን ሜትር አጠገቡ አድርጎ ፎቶ ማንሣት። የልስኑን ዓይነት፣ የቀለሙን ስምና ቁጥር፣ አሸንዳው የተጸዳበትን ቀን መጻፍ። የኤሌክትሪሻኑንና የጣሪያ ሠራተኛውን ደረሰኝ ማስቀመጥ። ስንጥቅ ከነበረ ምልክት የተደረገበትን ፎቶ ከነቀኑ መጨመር። ይህ ሁሉ በአንድ ፋይል ውስጥ ገብቶ ገዢው ቤቱን ሲያይ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ። ያልተሠራውም ይጻፍበት፤ የጓሮው ግድግዳ ገና አልተለሰነም፣ የምሥራቁ መስኮት በሚቀጥለው ዓመት ጥገና ይፈልጋል ተብሎ። ገዢው ይህንን አንብቦ ትንሽ ቀንሱልኝ ሊል ይችላል። ይበል። ቤቱን የሚረከበው ምን እንደገዛ አውቆ ነው፤ ግድግዳውንም በምን መለሰን እንዳለበት ያውቃል።